ላይኛው ስንት፣ ታችኛው ስንት

ጎንደር፣ ቀሐ፣ እኛ ሰፈር፣ ጧት ቡና ላይ የሚጠየቀው ነገር ተለውጧል። ድሮ «እንዴት አደራችሁ» ነበር፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን»። ወገቡ የተያዘውም፣ ሌሊቱን ሲያስለው ያደረውም፣ ጥርሱ ያበጠውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ስኒውን ይቀበላል። ከዚያ በላይ መዘርዘር ነውር ነበር። አሁን ግን እንግዳው ገና ነጠላውን ሳያስተካክል «ላይኛው ስንት ሆነ?» ይባላል። «138።» «ታችኛውስ?» «86።» «ተመስገን!» ምስጋናው አልቀረም፤ ቁጥር ታከለበት እንጂ።

ጥፋቱ የልጄ ነው። አዲስ አበባ ነርስ ናት። አምና ለጥምቀት መጥታ ሻንጣዋን ስትከፍት እናቷ ሻሽ፣ እኔ ደግሞ ሹራብ ይወጣል ብለን አንገታችንን አስግገን ስንጠብቅ፣ ትንሽ ሬዲዮ የምታክል፣ ከጎኗ ቱቦ የተንጠለጠለባት ነጭ ዕቃ አወጣች። «የግፊት መለኪያ ነው አባዬ። በሳምንት ሦስት ቀን ትለካላችሁ፤ ደብተር ላይ ትጽፋላችሁ፤ እሑድ ማታ ደውዬ እጠይቃለሁ» አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ የቤት ሥራ ሳርም ኖሬ፣ በ71 ዓመቴ የቤት ሥራ ተሰጠኝ።

ሕጉንም በወረቀት ጽፋ ከግድግዳው ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ዝቅ አድርጋ ለጠፈችው። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። ሽንት ይዞ አይለካም። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ሳይጣመር፤ ክንድ ከልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፤ ጨርቁ ከባዶ ክንድ ላይ ታስሮ። በመጨረሻም፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበት፦ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፤ ሲለካም አለማውራት።

ወረቀቱን አንብቤ እንደጨረስኩ ይህ ለጎንደር ሰው የተጻፈ እንዳልሆነ ገባኝ። ከቡና በፊት ግማሽ ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ውኃ እስኪፈላ ድረስ መቆየታችን አይቀርም። እግር አለማጣመርም ይለመዳል። አምስት ሰው አንድ ቤት ተቀምጦ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት ግን ከጸሎተ ፍትሐት ውጭ አይቼ አላውቅም።

ልጄ የተመለሰች ሰሞን ወሬው አጥር ዘለለ። መጀመሪያ የመጣው ጎረቤታችን አስር አለቃው ነው። ከወታደርነት ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም አሁንም ሲቀመጥ ጉልበቱን ገጥሞ ነው። በጋቢ ተጀቡኖ፣ ከጋቢው ሥር ካፖርት፣ ከካፖርቱ ሥር ሹራብ ለብሶ ክንዱን ዘረጋ። «ጨርቁ ከባዶ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው» አልኩት። «እኔ በጥይት መካከል ያለፍኩ ሰው በብርድ ልሙት?» አለ። ከነልብሱ ለካሁት፤ 171 ሆነ። ፊቱ ተለዋወጠ። ቀስ እያለ ጋቢውን ጣለ፣ ካፖርቱን አወለቀ፣ ሹራቡን ሰበሰበ፤ እንደገና ስንለካ 142። ትንሽ አሰበና «ታዲያ ግፊቱ ያለበት ጋቢው ነዋ!» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጣቢያ ሆነ። መሪጌታ መጡ፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ሁለት እኅትማማች ባልቴቶች መጡ፤ እማሆይም ከቀሐ ኢየሱስ ሲመለሱ ጎራ ማለት ጀመሩ። ልጄ ደብተሩን በእኔና በእናቷ ስም ነበር የከፈተችው፤ አሁን አሥራ አንድ ስም አለበት። እውነቱን ለመናገር ለብቻዬ ብሆን በሁለተኛው ሳምንት እተወው ነበር። ማን ያየኛል? ቁጥር ፈጥሬ እሑድ ማታ በስልክ መንገር እችላለሁ፤ ተማሪዎቼ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩኝ እሱን ነው። አስር አለቃው ግን ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ በር እያንኳኳ «ተነሥ፣ ልካኝ» ሲል እንዴት ይተዋል? ሰው ለራሱ ሲል የማያደርገውን ጎረቤት እንዳይታዘበው ሲል ያደርገዋል።

ፉክክሩም የዋዛ አይደለም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን 118 በ76 ስለሆነች ለሳምንት ያህል ቀና ብላ ሄደች። ከባልቴቶቹ አንደኛዋ 151 የሆነች ጊዜ «ዛሬ ከእኅቴ ጋር ስለተጣላሁ ነው» ብላ እንዳይጻፍ ለመነችኝ። ጻፍኩት። አኮረፈችኝ። በማግሥቱ 136 ይዛ መጥታ «ይኼንንስ ትጽፈዋለህ?» አለችኝ።

ቀልዱ የቆመው እማሆይ የተለኩ ዕለት ነው። እማሆይ 74 ዓመታቸው ነው፤ ሸንቃጣ ናቸው፤ ዳገቱን ከእኔ ቀድመው ይወጡታል። በእሳቸው ላይ በሽታ ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ማሽኗ ጨርቁን ነፋች፣ አሁንም ነፋች፣ አሁንም ነፋች፤ ከዚያ 182 በ104 አለች። ጋቢ እንደሌለባቸው አየሁ። አምስት ደቂቃ ቆይተን ደገምነው፤ 179። በማግሥቱም፣ በሠልስቱም ያው። «ምን ይሰማዎታል እማሆይ?» አልኳቸው። «ምንም። ተመስገን።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ በሽታ የምንለው የሚጮኸውን ነው፤ የሚቆርጠውን፣ የሚያስተኛውን፣ ምች መታኝ የሚያሰኘውን። ደም ግፊት ግን ከሰው ጋር ቡና እየጠጣ፣ ዳገት እየወጣ፣ ዓመታት ዝም ብሎ ይኖርና አንድ ቀን ጧት ግማሽ አካል ይዞ ይሄዳል። ሐኪሞች ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ተከታተሉት የሚሉት ስለዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የእማሆይ «ተመስገን» ልክ ነበረች፤ ጉድለቷ ክንድ ድረስ አለመውረዷ ብቻ።

ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ በቀን አንድ ፍሬ ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ወረደ፤ 160፣ 152፣ 141። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ አጋማሽ ለካኋቸው፤ 176። «መድኃኒቱስ?» «ጧት ዋጪ ነው የተባልኩት፤ ጧት ደግሞ ጾም ነው» አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እንዴት አይገባህም በሚል ዓይን እያዩኝ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ኪኒኑንም አብረው ሊጾሙት ኖሯል! እኔ ተከራከርኩ፤ ባለቤቴ ተከራከረች፤ አልተቻለም። የንስሐ አባታቸው ናቸው የገላገሉን። አልተቆጡም፣ ሕጉንም አጥብቀው አልጠቀሱም፤ «ሂጂና ሐኪሙን የማታ እንዲያደርግልሽ ጠይቂው» ብቻ አሏቸው። ሐኪሙም አየውና ከማዕድ ጋር ማታ ይሁን አለ። ጾሙም ተጠበቀ፤ ግፊቱም ወረደ። ጠበላቸውንም ይጠጣሉ፤ «ጠበሉና ኪኒኑ አልተጣሉም፤ የምታጣሏቸው እናንተ ናችሁ» ይሉናል።

ልጄ በስልክ ስለ ጤና መጠበቅ ስሰብክላት ትስቃለች፤ መከላከል የሚባለው ነገር ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተጭኖ የመጣ ይመስላታል። እኔ ደግሞ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ትምክሕቴን አልተውም። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ወባ ደምቢያ ላይ ወርዶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው በቡድን የሚሠሩ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ነው፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ታሞ የመጣውን ማከም ብቻ ሳይሆን ሰው እንዳይታመም ቤቱ ድረስ መሄድ ነበር ዓላማው። በልጅነቴ ከሦስቱ የምንፈራው ሳኒታሪያኑን ነው። ግብር ሰብሳቢን የማይፈራው አባቴ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች በሰፈሩ ታዩ ሲባል ግቢውን ራሱ ይጠርግ ነበር። ሰውዬው ሽንት ቤታችንን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ አፍንጫውን ሳይዝ፣ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፍ ያደርግና ይሄዳል። ምን እንደጻፈ አናውቅም። አለማወቃችን ነበር የሚያስጠርገን። አሁን እኔም ደብተር ይዤ ሳስበው ጥበቡ ገብቶኛል።

ከዚያም በፊት ቢሆን መከላከሉ ነበር፤ ጣዕሙ ይምረር እንጂ። አያቴ በየሁለት ወሩ ኮሶ ትጠጣ ነበር፤ ታመመችም አልታመመችም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር የትሉን ነገር ከሥጋው ጋር አብሮ አስቦበታል። የኮሶ ቀን የዕረፍት ቀን ነው፤ ሰው አይጠይቅህም፤ ሥራም አትሄድም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ አበዳሪም ቢሆን ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ይመስለኛል ከአበዳሪ የሚሸሹ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኮሶ ይደጋግሙ የነበረው። መጠኑ ሲበዛ ግን ሰው ይጎዳ ነበር፤ አሁን ለዚያ ጉዳይ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ልጄ እንዳትጠራጠረኝ ይህን ብያለሁ።

ስለ ኮሶ በሰፊው ከጻፉት ፈረንጆች አንዱ ጄምስ ብሩስ ነው፤ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊ። ዛፉን የእንግሊዝ ሊቅ በሆነው ወዳጁ በባንክስ ስም ሊሰይመው ሞክሮ ነበር፤ ስሙ አልጸደቀለትም፤ ኮሶ ኮሶ ሆኖ ቀረ። እኔን ብሩስ የሚያስቀናኝ ግን በሌላ ነገር ነው። ከቤቴ ደጃፍ ቀና ስል ከማዶ የሚታየኝ የቁስቋም ተራራ ነው። ያኔ እዚያ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ፈንጣጣ ገብቶ ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ እንደጻፈው፣ መጀመሪያ ያደረገው በሩንና መስኮቱን ሁሉ ማስከፈት ነው፤ ከዚያ ክፍሎቹን በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ፤ እጣንና ከርቤ አስጨሰ። አስቡት! ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ሰው በእቴጌ ቤት መስኮት ሲያስከፍት እሺ ተባለ፤ እኔ በገዛ ቤቴ፣ ካገባሁ በ46ኛ ዓመቴ፣ አንድ መስኮት በስንዝር ማስከፈት አልቻልኩም።

ባለቤቴ ነፋስ ጠላቷ ነው። በእሷ ሃይማኖት የሰው ልጅ የሚሞተው በነፋስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ምክንያት ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስንሄድ እንኳ መስኮቱ በጣት ያህል ከተከፈተ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትሸፈናለች። ጎንደር ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ በክረምት መስኮቱ ይዘጋል፣ በሩ ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፣ ከዚያ የከሰል ምድጃው ይገባል። በዚህች ላይ ግን ልጄም እኔም አንድ ሆንን። ከሰል ጭሱ ሲጠፋ መርዙ የጠፋ ይመስላል፤ መርዙ የማይታይ፣ የማይሸት ስለሆነ እንጂ አልጠፋም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል እያነደደ ተኝቶ የቀረ ሰው ታሪክ የማይታወቅበት ሰፈር የለም። ድርድሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስምምነቱ ይህ ነው፦ ከሰል ከመኝታ በፊት ይወጣል፤ በምትኩ አንድ ብርድ ልብስ ይጨመራል፤ መስኮት ቀን ቀን፣ እሷ ገበያ ስትሄድ ይከፈታል። ቅዳሜ ገበያ በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን ስፈርም አላስተዋልኩም።

ከነፋስ ይልቅ ጦርነት የሆነው ጨው ነው። ልጄ «የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው» ብላ ስትናገር እናቷ ወጡን እያማሰለች ነበር። ማማሰያው ቆመ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል አልሰማሽም?» አለች። ልጄ «ለእናንተ ስል ነው» አለች። ለሁለት ቀን በቤቱ ውስጥ ወሬ በእኔ በኩል ብቻ ነበር የሚያልፈው።

ልጄ ከተመለሰች በኋላ ግን ባለቤቴ ሳትነግረኝ ስታስብበት ሰንብታለች። አንድ ቀን ማጀት ጠራችኝና ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችልኝ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ አንድ። ሽሮው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፤ ሁለት። ወጡ ሲወጠወጥ ጨው ይጨመራል፤ ሦስት። ማዕድ ላይ ደግሞ እኔ ሚጥሚጣ ስጡኝ እላለሁ፤ እሱም ጨው አለበት፤ አራት። «እኔ የማውቀው ሦስተኛውን ብቻ ነበር፤ ሌላው በጓሮ በር ነው የሚገባው» አለች። ይህን ሐኪም አልነገራትም። ሦስት ሺህ ወጥ የሠራ ሰው ነው እንዲህ የሚያውቀው። የዘንድሮውን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው አስፈጨችው፤ ለወጡ ብቻ በማንኪያ ለክታ ትጨምራለች። ለእኔ አልነገረችኝም። ሦስት ሳምንት በላሁ። በአራተኛው «ሽሮው ሰሞኑን ጥሟል፤ ቅመም ለወጥሽ እንዴ?» አልኩ። መልስ ሳትሰጠኝ ሳህኑን አነሣችና ወደ ማጀት ገባች፤ የሳቋን ድምፅ ግን ሰማሁት።

ጨውን ጨርሶ መራገምም አይገባም። በዚህ አገር አሞሌ ገንዘብ ነበር፤ ከአፋር ጠፍ ምድር ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ ይመጣ ነበር። አሁንም ቢሆን ትንሽ ይሁን እንጂ አዮዲን ያለበት መሆን አለበት። ወደ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው እንቅርት ያለባቸውን እናቶች አይቶ ያውቃል፤ የደጋው አፈር አዮዲኑ ታጥቦ ያለቀ ነውና። ለመቀነስ ብለው ከነጭራሹ ቢተውት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

ስለ ኪኒን አንድ ነገር ብቻ ልናገርና ልለፍ፤ ስናደድ ግፊቴ ስለሚጨምር። እኛ ዘንድ ኪኒን እንደ እርሾ ነው፤ ከጎረቤት ይዋሳል። መሪጌታ የራሳቸውን የግፊት መድኃኒት ቆርሰው ለአስር አለቃው ሰጡት፤ «ግፊት ያው ግፊት ነው፤ ለእኔ ተስማምቶኛል» ብለው። ልጄ በስልክ ስትሰማ ስልኩ እጄ ላይ ጋለ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ኩላሊት ወይም ልብ ላይስማማ እንደሚችል ግማሽ ሰዓት ተናገረች። አሜሪካ ያለው ልጄ ደግሞ በየሰው እጅ ቫይታሚን ይልካል፤ የዓሣ ዘይት የሚባል ቢጫ እንክብልም አለበት። ባለቤቴ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ጥያቄ ለንስሐ አባታችን አቀረበች። አባታችን እንክብሉን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩና «ለመሆኑ ለምንድን ነው የሚዋጠው?» አሉ። አላወቅንም። «እንግዲያው ለምን እንደሆነ እስክታውቁ ጹሙት» አሉን።

እግር ጉዞ የእኔ ድርሻ ነው። ጧት ጧት በቀሐ ወንዝ ዳር አድርጌ እስከ ፋሲል መዋኛ እሄዳለሁ፤ ለጥምቀት ገንዳውን የሚሞላው ይኸው የቀሐ ውኃ ነው። በሌላው ጊዜ ባዶ ገንዳ ነው፤ ግንቡን የዛፎቹ ሥር እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት ጨብጦ ይዞታል። እሱን ዞሬ እመለሳለሁ። ልጄ ስልኬ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ነገር ጭናልኛለች፤ «በቀን አሥር ሺህ» አለችኝ። በኋላ ሳነብ አሥር ሺህ የሚለው ቁጥር ከሐኪም የመጣ አይደለም፤ በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ መቁጠሪያ ሠርቶ ሲሸጥ ለዕቃው ያወጣለት ስም ነው፤ «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» እንደማለት። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ደግሞ ከስድሳ በላይ ለሆነ ሰው ጥቅሙ ከስድስት እስከ ስምንት ሺህ አካባቢ ሲደርስ እምብዛም እንደማይጨምር ያሳያሉ። ይህን አንብቤ ዕዳ የተሰረዘለት ሰው ያህል ተኛሁ።

ችግሩ እርምጃው ሳይሆን ሰላምታው ነው። ጎንደር ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው ሳይቆም መሄድ አይችልም። «እንዴት አደሩ፣ ልጆቹስ፣ እመቤቲቱስ፣ ዝናቡስ፣ ያ ጉልበትዎስ?» እያንዳንዱ አራት ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ወጥቼ ስቆይ ስልኬ «1,900 እርምጃ» ይላል። ለልጄ ስነግራት «በፍጥነት ሂድ፤ ሰው አትይ» አለችኝ። ሰው ካላየሁ ለምን እሄዳለሁ? አሁን ከአስር አለቃው ጋር እወጣለሁ፤ እሱ ከፊት «ግራ! ግራ!» እያለ ስለሚሄድ ሊያቆመን የሚፈልገው ሰው ከመሥሪያ ቤት የተላክን መስሎት ያሳልፈናል።

ልጄ ለእናቷም አንድ መልመጃ ልካ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ሳያስደግፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ የጭን ጡንቻ ስለሚያጠነክር ከመውደቅ ያድናል ተብሎ። ባለቤቴ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየችው። «አሥር?» አለች። «ይቺ ልጅ ስቅለት ዕለት ስንት እንደምሰግድ ረስታዋለች።»

የወደቅኩት ግን እኔ ነኝ። ያውም በበዓል ቀን። ልጆቻችን ሊያከብሩን ብለው የሳሎኑን ወለል ሴራሚክ አስነጥፈውልናል፤ ፊት ያሳያል። በፋሲካ ዋዜማ ባለቤቴ በላዩ ላይ እርጥብ ቄጤማ ጎዘጎዘች። እኔ ካልሲ ብቻ አድርጌ፣ የጋቢዬ ጫፍ መሬት እየጠረገ፣ ከጓዳ ስወጣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ሄድኩ፤ ቀጥሎ ወደ ጎን፤ ከዚያ ጣሪያውን አየሁ። ዶሮ ወጡ በኩል አለመውደቄን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ትናገራለች። ዳሌዬ ቢሰበር ኖሮ ይህን ወግ የሚጽፍላችሁ አይገኝም ነበር፤ በእኛ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ከሰበረው አጥንት አልፎ ሰውየውን አልጋ ላይ ያስቀራል። አሁን ቄጤማው ከግድግዳው ጥግ ጥግ ብቻ ይጎዘጎዛል፤ ለሽታው ይበቃል። ካልሲ በጫማ ብቻ ሆነ። የጋቢዬም ጫፍ ታጠፈ።

ከዘራም ያዝኩ። ሴራሚክ ላይ የከዘራ ጫፍ እንደ እኔው ተንሸራታች መሆኑን ያስተዋለው አስር አለቃው ነው። ፒያሳ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰደኝ፤ ሰውዬው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ፣ በሚስማር መትቶ፣ ለከዘራዬ ጫማ አደረገለት። መሪጌታም ይህን አይተው የመቋሚያቸውን እግር አስመቱ። እሳቸው ድሮም ቢሆን የሚሰናከሉት በእግራቸው አልነበረም፤ በዓይናቸው ነበር። የሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ከብዶ ደረጃውንና ጥላውን መለየት አቅቷቸው ነበር፤ ዕድሜ ነው ብለው ተቀምጠው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ ከሞራ የመጣ እንደሆነ ነው ያገኘው፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነው። መሪጌታም የአንዱን ዓይናቸውን እዚሁ ጎንደር አስነሡት። በነጋታው ፋሻው ሲፈታ ለረጅም ጊዜ ቤታቸውን ሲመለከቱ ቆዩና ለሚስታቸው «ይህ ግድግዳ ሁልጊዜም እንዲህ ቆሻሻ ነበር?» አሏቸው ይባላል። ሚስትየዋ ሁለተኛውን ዓይን ለማስነሣት ብዙም አልቸኮሉም።

ባለፈው ቅዳሜ የእማሆይ የሦስት ወር የመለኪያ ቀን ነበር። ልጄ አስቀድማ ደውላ «በሥርዓቱ ነው፤ አምስት ደቂቃዋን አትዝለሏት፤ ቁጥሩን ሐኪሙ ይፈልገዋል» አለች። ተማማልን። እማሆይ ወንበር ላይ ተደገፉ፣ እግራቸውን አስተካከሉ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤቴ ጀበናውን ከምድጃው አወረደች። መሪጌታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳረፉ። አስር አለቃው አንገቱን ደፋ። ባልቴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ወሬ እንዳያመልጣቸው ነው። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነው። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ከቀሐ ማዶ ውሻ ሲጮኽ ይሰማል። ሦስት። ዕድሜ ልኬን በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

አራተኛው ላይ የታችኛዋ ጎረቤት ሰፌድ ልትመልስ ገባች። በሩ ላይ ቆመች። ያጎነበሱትን አየች፤ የተሸፈኑትን አየች፤ ዓይናቸውን የጨፈኑትን፣ ክንዳቸው የተዘረጋውን እማሆይን አየች። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ወየው! ወየው እማሆዬን! ሳልሰናበትዎት!»

ደረቷን ስትመታ እማሆይ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ምን ሆንሽ አንቺ? ማን ሞተ?» እሷ ደግሞ የሞተ ሰው ሲናገር ሰምታ በር ላይ ቁጭ አለች። አዝራሩን በድንጋጤ ተጭኜው ኖሮ ማሽኗ ጨርቁን እየነፋች ነው። 168 አለች።

አስር አለቃው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየው። «ይቺ የእማሆይ አይደለችም» አለ። «የጎረቤትየዋ ናት። አትጻፋት።»

ባለቤቴ ሴትየዋን አንሥታ አስቀመጠቻት፤ ውኃ ሰጠቻት። እማሆይ እየሳቁ ክንዳቸውን መልሰው ዘረጉ። ሰዓቴን እንደገና ከዜሮ ያዝኩ።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አለች ጎረቤታችን፣ አንዴ ማሽኗን አንዴ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያየች። «ላይኛው ማለት ምንድን ነው?»

«እጅጌሽን ሰብስቢ» አላት አስር አለቃው፤ «ከሳቸው ቀጥሎ አንቺ ነሽ። እስከዚያ ዝም በይ።»